የፈረንሳይን የጉዞ ሰዓት ከጀርባው ማንበብ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በአንድ ነባር ቤት ቡፌ ላይ፣ ጎኖቹ መስታወት የሆኑ፣ አናቱ ላይ ተጣጣፊ እጀታ ያለው፣ ከናስ የተሠራ አነስተኛ ሰዓት ቆሞ ቢያዩ፣ ፈረንሳውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለመንገደኛ ከሠሯቸው የጉዞ ሰዓቶች አንዱ ሊሆን ስለሚችል ከመንካትዎ በፊት ቆም ብለው ቢመለከቱት ይሻላል። እንዲህ ያለ ሰዓት በውርስ የደረሰው ሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ ይወለውለዋል፤ ቀጥሎ አልዞር እስኪል ድረስ ይሞላዋል፤ አልሠራም ሲለው ወደ ሰዓት ሠሪ ይወስደዋል፤ ማን እንደሠራው የሚጠይቀው ግን በመጨረሻ፣ ሊሸጠው ሲያስብ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ሰዓቱ አስቀድሞ ይነበባል፣ ከዚያ ይመረመራል፣ ከዚያ ይሞላል፤ መወልወሉ ግን ጨርሶ ቢቀር ይመረጣል።

ፊቱ ላይ ያለው ስም የማን ነው?

በነጩ የኢናሜል ገጽ ላይ፣ ከሮማ ቁጥሮቹ መካከል፣ በደቃቅ ጽሑፍ የሰፈረው ስም አብዛኛውን ጊዜ የሠሪው ሳይሆን የሻጩ ነው። የፓሪስ ሠሪዎች ሰዓታቸውን ለለንደን፣ ለኒው ዮርክና ለሌሎች ከተሞች ሱቆች በብዛት ይልኩ ነበር፤ ሱቆቹም ደንበኛቸው የራሳቸውን ስም እንዲያነብ ስለሚፈልጉ ገጹን በስማቸው ያስጽፉ ነበር። ስለዚህ ፊቱ ላይ የኒው ዮርኩ ቲፋኒ ወይም የቦስተኑ ቢገሎ ኬናርድ ተጽፎ ሳለ ውስጡ የተሠራው በፈረንሳይዋ ኖርማንዲ፣ የተጠናቀቀውም ፓሪስ ሊሆን ይችላል። ገጹን አንብቦ ብቻ «ይህ የእንግሊዝ ሰዓት ነው» ወይም «የአሜሪካ ነው» ብሎ ዋጋ መቁረጥ ለገዢም ለሻጭም ኪሳራ ነው።

እውነተኛው መታወቂያ ያለው ከኋላ ነው። ሰዓቱን በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አንጥፈው ያስቀምጡት፤ የኋላውን ትንሽ በር ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ የስልክዎን መብራት ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ያብሩበት፤ ብርሃን በአግድም ሲመታው በናሱ ላይ የተረገጠ ምልክት ጥላ ስለሚያወጣ በግልጽ ይታያል። ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ማኅተም ስለሆነ አጉሊ መነጽር ያስፈልግዎታል። የኋላውን ሰሌዳ በተለይም የታችኛውን ክፍልና ማዕዘኖቹን፣ ከቁልፍ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ሳይቀር፣ በጥንቃቄ ይፈትሹ።

በሁለት የላቲን ፊደላት፣ ማለትም በኤችና በጄ መካከል በቀቀን ካዩ የያዙት ከፓሪስ ሠሪዎች መካከል ከፍ ያለ ስም ያለው የአንሪ ዣኮ ቤት ሥራ ነው። ፊደላቱ ኤና ኤም ሆነው በመካከላቸው የንብ ቀፎ ካለ ማርጌን ነው። ዲና ሲ ሆነው በመካከላቸው ራሱ ትንሽ የጉዞ ሰዓት ከተቀረጸ ድሮኩር ነው፤ ይህን ቤት አባትየው ፒየርና ልጁ አልፍሬድ በተከታታይ የመሩት ሲሆን፣ ፓሪስ ካለው ሥራ ቤታቸው በተጨማሪ ኖርማንዲ ውስጥ የራሳቸው ፋብሪካ ነበራቸው። አንበሳ ካዩ ደግሞ የዱቬርድሬና ብሎኬል ምርት ነው፤ ይህ ኩባንያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሠራ ሲሆን ባያር በሚል ስም በሚሸጣቸው የደወል ሰዓቶቹ በኋላ ይበልጥ ታውቋል። እዚህ አገር አንበሳ ያለበት ዕቃ ሁሉ ከቤተ መንግሥት ወጣ የሚባልበት ልማድ ስላለ፣ በዚህኛው አንበሳ ተታልለው ታሪክ እንዳይፈጥሩለት አሳስባለሁ፤ የፋብሪካ ማኅተም ነው።

ምንም ምልክት ባያገኙ አይደንግጡ። እጅግ መልካም የሆኑ ሰዓቶች ተራ ቁጥር ብቻ ይዘው፣ አንዳንዶቹም ያለ ቁጥር ከሥራ ቤት ወጥተዋል። ቁጥር ካለ ግን በወረቀት ይጻፉትና ሌላ ቦታም ይፈልጉት፤ በደወሉ ማሰሪያ ላይ፣ በሳጥኑ ወለል ላይ፣ አንዳንዴም በቁልፉ ላይ ያንኑ ቁጥር ካገኙ ሰዓቱ ከሳጥኑና ከቁልፉ ጋር ሳይለያይ መኖሩን ያረጋግጥልዎታል። እኔ ለብዙ ጌጥ ከምሰጠው ዋጋ ይልቅ ለዚህ መጣጣም የምሰጠው ይበልጣል።

ከፓሪስ እስከ ሴን ኒኮላ

የዚህ ዓይነቱ ሰዓት ትውልድ የሚቆጠረው ከአብርሃም ሉዊ ብረጌ ነው። ብረጌ እ.ኤ.አ. በ1747 ኑሻቴል በምትባለው የስዊዘርላንድ ከተማ ተወልዶ እስከ ሞተበት እስከ 1823 ድረስ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን በፓሪስ ያሳለፈ ሲሆን፣ ናፖሊዮን ቦናፓርት በ1798 ወደ ግብፅ ከመዝመቱ በፊት ከእርሱ የጉዞ ሰዓት ገዝቷል። የብረጌ ሥራ ግን ለነገሥታት፣ ለመኳንንትና ለጄኔራሎች እየተለካ የሚሠራ ስለነበረ ብዛቱ ጥቂት ነው፤ በገበያ የሚገኝበት አጋጣሚም የለም ማለት ይቻላል።

ሰዓቱን ወደ ነጋዴና ወደ ሐኪም ቤት ያስገባው ፖል ጋርኒዬ ነው። ከ1801 እስከ 1869 የኖረው ይህ ሰው በ1830 ለራሱ ኤስኬፕመንት፣ ማለትም የሞላውን ኃይል እየቆነጠረ ለሚለቀው ክፍል፣ የባለቤትነት መብት ካገኘ በኋላ፣ ቀለል ያለ ሳጥን ያላቸውንና ዋጋቸው የሚቀመስ ሰዓቶችን በተከታታይ ማምረት ጀመረ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ፣ ከላይ የጠቀስኳቸውን ጨምሮ፣ እርሱ በከፈተው መንገድ ነው የተጓዙት።

እዚህ ላይ «ሠሪ» ስንል አንድ ሰው ከጥሬ ናስ ተነሥቶ ሙሉ ሰዓት ሠራ ማለታችን አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። ከዲየፕ ወደብ ብዙም በማትርቀው በሴን ኒኮላ ዳሊየርሞን፣ በኖርማንዲ፣ አንድ ሙሉ መንደር ሰዓት ሲሠራ ይውል ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኦኖሬ ፖንስ የተባለ ባለሙያ ወደዚያ ተልኮ ሥራውን ካደራጀው በኋላ፣ መንደሯ ማርሾቹ ተገጣጥመው የሚዞሩ ነገር ግን ያልተጠናቀቁ የሰዓት ውስጦችን ለፓሪስ ታቀርብ ጀመር። በፈረንሳይ ምሥራቅ፣ በቦኩር፣ የዣፒ ቤተሰብም በማሽን ብዙ ያመርት ነበር፤ ኤስኬፕመንቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፍራንሽ ኮንቴ አካባቢ ይመጣል። የፓሪሱ ሰው እነዚህን ተቀብሎ ያስተካክላል፣ ያጠናቅቃል፣ በወርቅ በተቀባ ሳጥን ውስጥ ይከታል፣ ማኅተሙን ይረግጥበታል። ስለዚህ በቀቀኑ ወይም የንብ ቀፎው የሚነግርዎት ሥራውን አጠናቆ በስሙ ኃላፊነት የወሰደውን ቤት ነው።

ምርቱ በደራበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ደሴም የራስ፣ ኋላም የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫ ሆና እየተቆረቆረች ነበር። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የፈረንሳይ ዕቃ ወደ መሀል አገር መግባቱ ቀሎ ነበርና፣ አንድ ሰዓት በዚያ በኩል መጥቶ ወሎ መድረሱ የሚያስገርም አይሆንም። ይሁን እንጂ ደረሰኝ ወይም ደብዳቤ በሌለበት «የእገሌ ሹም ሰዓት ነበር» የሚለውን የገበያ ወሬ እንደ ማስረጃ አይቀበሉ።

ዕድሜውን መገመት

ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት የጉዞ ሰዓት እምብዛም አይገኝም፤ ዕድሜው የሚገመተው ከአሠራሩ ነው። የሳጥኑ ምሰሶዎችና ክፈፎች እርስ በርስ ተበይደው እንደ አንድ ወጥ አካል ከሆኑና ብዙ ቅርጻ ቅርጽ ካለባቸው ሰዓቱ ቀደም ካሉት፣ ከ1840ዎቹና ከ1850ዎቹ ወገን ሊሆን ይችላል። ክፍሎቹ በብሎን የሚፈታቱ ከሆነ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ከጎድጓዳ ደወል የሚወጣ ከሆነ ቀደም ያለ፣ ከተጠቀለለ የብረት ሽቦ የሚወጣ ከሆነ በአብዛኛው ከ1870ዎቹ ወዲህ የተሠራ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። በኋላው ሰሌዳ ወይም በገጹ ግርጌ በእንግሊዝኛ «በፈረንሳይ የተሠራ» የሚል ከተጻፈበት ደግሞ፣ አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ምክንያት የአገር ስም መጻፍ ግዴታ ከሆነ በኋላ የመጣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የሳጥኑ ቅርጾች የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ቀጥ ባለ ምሰሶ የሚሠራው ኮርኒሽ በብዛት የሚገኘው ነው፤ ጎርዥ የሚባለው ምሰሶውና ክፈፉ በለሰለሰ ጉድጓድ የተሞረደ ስለሆነ ከፍ ያለ ሥራ ይቆጠራል፤ የቀርከሃ አንጓ የሚመስለው ባምቡ ይባላል፤ ኦቢ የሚባለው ደግሞ ርካሹ ነው። እጅግ ትንሹ ሰዓት ሚኞኔት ይባላል። ቅርጹ ዋጋ ላይ ለውጥ ያመጣል፤ የሰዓቱን ጤንነት ግን አይነግርዎትም።

በላይኛው መስታወት መመልከት

ከእጀታው ሥር ያለው የላይኛው መስታወት ለጌጥ ብቻ የተቀመጠ አይደለም። በእርሱ በኩል ቁልቁል ሲመለከቱ አንድ ትንሽ ሰሌዳ በአራት ማዕዘኖቹ በብሎን ታስሮ ያያሉ፤ በላዩም ባላንስ የሚባለው ክብ ቀለበት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ በመካከሉ ከፀጉር የቀጠነ ሞላ ይተነፍሳል። ይህ ኤስኬፕመንቱ ነው፤ ከታች ያለውን የትልቁን ሞላ ኃይል እየቆነጠረ የሚለቀው፣ ሰዓቱ በአንድ ጊዜ ተፈትልኮ እንዳያልቅ የሚከለክለው እርሱ ነው። ከትልልቆቹ የጠረጴዛ ሰዓቶች በተለየ ሁኔታ እዚህ የሚወዛወዝ ፔንዱለም የለም፤ በመንገድ ላይ፣ በሰረገላ ውስጥ ሆኖ እንዲሠራ የታሰበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባላንሱን በጥንቃቄ ይመልከቱ። ጠርዙ ከውጭ ናስ ከውስጥ ብረት ሆኖ ሁለት ቦታ ላይ የተቆረጠና ዙሪያውን ደቃቅ ብሎኖች የተደረደሩበት ከሆነ የሙቀት ለውጥን እንዲያካክስ የተሠራ፣ ውድ የሆነ ባላንስ ነው። ወጥ የናስ ቀለበት ከሆነ ተራ ነው፤ ተራ መሆኑ ግን ነውር አይደለም። ቀጥሎ የሰሌዳውን ዙሪያ ይመልከቱ፤ ባዶ የቀሩ የብሎን ቀዳዳዎች ካሉ፣ ወይም ሰሌዳው ከተቀመጠበት ናስ እጅግ አዲስ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ የቀድሞው ኤስኬፕመንት ተነሥቶ በሌላ ተተክቷል ማለት ነው። ሰዓቱ በትክክል ሊሄድ ይችላል፤ ዋጋው ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ሻጭም ከሆኑ ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል።

እግረ መንገድዎን የኢናሜሉን ገጽ በመብራት ከጎን አይተው ፀጉር መሰል ስንጥቅ፣ ወይም ከነጩ ለየት ያለ የቀለም ጥጋን መኖሩን ይፈትሹ። በውስጡ ባትሪ የተቀመጠበት ከሆነ ደግሞ ምርመራው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሳጥኑ የሚመስል፣ ውስጡ የዘመናችን የሆነ ሰዓት ነው።

መሙላትና ሰዓት ማስተካከል

አብዛኞቹ ስምንት ቀን የሚሄዱ ናቸው፤ በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ጠዋት፣ መሙላት ይበቃል። ቁልፉ ሁለት አፍ አለው፤ ትልቁ ለመሙያ፣ ትንሹ በገጹ ላይ የሚዞሩትን ቆጣሪዎች ለማዞሪያ ነው። በኋላው ሰሌዳ ላይ በየቀዳዳው አጠገብ የተቀረጸ ቀስት ሊኖር ይችላልና ወዴት እንደሚዞር ከእርሱ ይረዱ፤ የሚመታ ሰዓት ሁለት ሞላ ስላለው ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ይዞራሉ ብለው አይገምቱ። አንድ እጅዎን በእጀታው ላይ አድርገው ሰዓቱን አረጋግተው ይያዙ፣ ቁልፉን በእርጋታ ያዙሩ፣ እንቢ ሲልዎ ያቁሙ። ለብዙ ዓመት ቆሞ የኖረን ሰዓት ግን ሙሉ በሙሉ አይሙሉት፤ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኖ ስለሚገኝ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ሰጥተው መነቃነቁን ከማየት በላይ አይሂዱ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ማስኬድ ምንም አይጎዳውም፤ ማርሹ ጠዋትን ከእኩለ ሌሊት አይለይም። ጠዋት ፈረንጆቹ 7 ሰዓት ሲሉ 1 ላይ ያቁሙት፤ ደወሉም አንድ ይመታል። የሚመታ ሰዓትን ስድስት ሰዓት ወደፊት ሲያዞሩ ግን በየሰዓቱና በየግማሹ ቆም ብለው መትቶ እስኪጨርስ ይጠብቁት። ወደ ኋላ ፈጽሞ አይመልሱ። የመታው ቁጥርና የሰዓት ቆጣሪው ካልተስማሙ፣ በደግሜ ምታ ቁልፍ የሚሠራ ሰዓት ከሆነ፣ የሰዓት ቆጣሪውን ብቻ በጣት በቀስታ ገፍቶ ከመታው ቁጥር ላይ ማዋል ይቻላል፤ የደቂቃ ቆጣሪውን ግን እንዲህ አያድርጉ።

ያ ደግሜ ምታ የምለው በአናቱ ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ ቁልፍ ናት፤ ስትጫን የመጨረሻውን ሰዓት ደግሞ ይመታል። መብራት በሌለበት ሌሊት፣ ክብሪት ሳይጭሩ ሰዓት ለማወቅ የተበጀች ናት፤ ደሴ መብራት በጠፋ ቁጥር አገልግሎቷን ትሰጣለች። ከሳጥኑ ሥር ሦስት ቦታ የሚቆም መዘውር ካለ ደግሞ ሰዓቱ ሩቡንም የሚመታ ነው። አንደኛው ቦታ ሩብ በሆነ ቁጥር ሰዓቱንም ጭምር ያስመታል፤ ሌላው በየሩቡ ሩቡን ብቻ፣ ሰዓቱን ግን ሰዓት ሲሞላ ብቻ ያስመታል፤ ሦስተኛው ዝም ያሰኘዋል። ሰዓት ብቻ የሚመታ ሰዓት በ24 ሰዓት ውስጥ 156 ጊዜ መዶሻውን ሲያነሣ፣ በየሩቡ ሰዓቱን የሚደግመው ለሰዓቱ ብቻ 624 ጊዜ ያነሣል፤ ለሩቦቹ የሚመታው ሳይቆጠር። ሞላውና መዶሻው የሚደክሙት በዚህ ልክ ነውና እንግዳ በሌለበት ቀን በዝምታው ቦታ ቢያቆዩት አይቀየምዎትም።

የቀን መቁጠሪያ ያለው ሰዓት ለእኛ ትንሽ ሥራ ይጨምራል። ክበቡ እስከ 31 የተቆጠረ ስለሆነ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ በእጅ ይታረማል፤ በእኛ ግን አሥራ ሁለቱም ወራት 30 ቀን ስለሆኑ በየወሩ መጨረሻ 31ን ማዝለል፣ ጳጉሜንም ከ5 ወይም ከ6 በቀጥታ ወደ 1 ማሻገር አለብዎት፤ በዓመት አሥራ ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ቀኑ የሚለወጠው ገጹ 12 ሲል ስለሆነ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንዲሆን ፈልገው ማታ ከተለወጠብዎት፣ ቆጣሪዎቹን አሥራ ሁለት ሰዓት ወደፊት ያሳልፏቸው።

ሰዓቱ ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ ከኤስኬፕመንቱ ሰሌዳ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠቋሚ ያግኙ። ለፈረንሳይ ገበያ የተሠራ ከሆነ ኤና አር የሚሉ ፊደላት አሉት፤ ወደ ኤ ሲገፋ ይፈጥናል፣ ወደ አር ሲገፋ ይዘገያል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሠራው ለማፍጠን ኤፍ፣ ለማዘግየት ኤስ ይላል። ጠቋሚዋን በእንጨት ስንጥር እንጂ በብረት አይንኳት፤ ከፀጉር ስፋት ብዙ ሳያልፉ ገፍተው፣ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ጠብቀው ከስልክዎ ጋር ያነጻጽሩ። በየሰዓቱ የሚነካካ ሰው ሰዓቱን አያስተካክልም።

ለሰዓት ሠሪ ከመስጠትዎ በፊት

ባትሪና ማሰሪያ በመለወጥ የሚተዳደር ብልህ ሰው የጉዞ ሰዓት በእጁ ገብቶ ላያውቅ ይችላል፤ ይህ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ የእርስዎ ድርሻ ነው፦ «ኤስኬፕመንቱን ከመፍታትህ በፊት ሞላውን እንዴት ታራግፈዋለህ?» ለዚህ ቀጥተኛ መልስ የሌለው ሰው ካቻቪቴ እንዲያነሣ አይፍቀዱ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሞላው እንደተሞላ አራቱ የኤስኬፕመንት ብሎኖች ከተፈቱ፣ ኃይሉን ሲቆነጥር የነበረው ክፍል ሲነሣ መላው የማርሽ ሰንሰለት ያለ ልጓም ይፈተለካል፤ በአንድ ዐይን ጥቅሻ ጊዜ ውስጥ የማርሽ ጥርስ ይረግፋል፣ የዘንግ ጫፍ ይሰበራል፤ የሞላውም ቤት ሊበላሽ ይችላል። ሰማንያ ዓመት ያለ እንከን የሄደ ሰዓት በዚህ አንድ ስሕተት የዕቃ መለዋወጫ ይሆናል። ትክክለኛው አሠራር ቁልፉን በመሙያው ላይ አጥብቆ መያዝ፣ ጥቂት ወደ መሙያው አቅጣጫ ጫን ብሎ ጠባቂውን መንጠቆ ከማርሹ ማላቀቅ፣ ከዚያም ቁልፉ በእጅ ውስጥ እየተንሸራተተ በጥቂት በጥቂቱ እንዲመለስ መፍቀድ፣ መንጠቆውን መልሶ አስይዞ እንደገና መያዝ ነው፤ ይህም ኃይሉ እስኪያልቅ ይደጋገማል። የሚመታ ሰዓት ከሆነ ለሁለቱም ሞላ፣ የማንቂያ ደወል ካለውም ለሦስተኛው እንዲሁ ይደረጋል። ባለቤቱ ይህን በራሱ እንዲሞክር አልመክርም፤ ሲሠራ ግን አጠገቡ ቆሞ ማየት ይችላል።

ከዚያ በኋላ ውስጡ ከሳጥኑ የሚወጣው ከሥር ባሉት ብሎኖች ነው። ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ ይታጠባል፤ የሰዓት ዘይትም በየዘንጉ ጫፍ በጥቂቱ ይሰጠዋል፤ በማርሽ ጥርስ ላይ ግን ዘይት አይደረግም፣ አቧራ ይዞ ጥርሱን ይፈገፍጋልና። ሳይፈታ ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን የሚረጭበት፣ ወይም የልብስ ስፌት መኪና ዘይት የሚያንጠባጥብበት ጥገና ሰዓቱን ለጥቂት ሳምንት ያስኬደዋል፤ ቆሻሻውን ግን ወደ ዘንጉ ቀዳዳ አስገብቶ ያስበላዋል። ሰዓቱን ከመስጠትዎ በፊት የፊቱን፣ የጀርባውን፣ የላይኛውን መስታወትና የቁጥሩን ፎቶ ያንሡ።

ወርቁ፣ ዕጣኑና ዳገቱ

አንዲት እናት ሰዓታቸውን ይዘው የመጡበትን ሱቅ አስታውሳለሁ። ወጣቱ ሠራተኛ በቅን ልቡና «እትዬ፣ ጠቁሯል እኮ፣ በብራሶ አብረቅርቄ ልስጥዎት?» ሲላቸው፣ «አይ ልጄ፣ እንዲያው ተወው፤ ያባቴ እጅ የነካው ነው» ብለው መለሱለት። በስሜት የተናገሩት ቢሆንም በሙያም ትክክል ነበሩ። የብዙዎቹ ሳጥኖች ናስ በስሱ በወርቅ ተቀብቷል፤ ማወልወያ ያንን ወርቅ ጠርጎ ያነሣዋል፣ ሎሚና አመድ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ከሥሩ የሚወጣው ቢጫ ናስ ለጊዜው ያምራል፤ በደሴ ክረምት ግን ፈጥኖ ይጠቁራል፣ ወርቁም ተመልሶ አይመጣም። የሚያስፈልገው ለስላሳ የቀለም ብሩሽና ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ብቻ ነው። መስታወቱን ሲያጸዱ ጨርቁን በትንሹ ያርጥቡ እንጂ በሰዓቱ ላይ ውኃ አይርጩ።

ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ጥግ ያርቁት። የዕጣን ጭስ ሙጫ ስለሆነ በበሩ ክፍተት ገብቶ ውስጡን ያለብሰዋል፤ ይህን ከውጭ አያዩትም። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስኮትም ለዘይቱ ጥሩ አይደለም።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሳለች ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትሞቃለች። ተራ ባላንስ ያለው ሰዓት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በቀን ወደ 10 ሰከንድ ገደማ ይዘገያል፤ ሙቀት የፀጉር ሞላውን ያላላዋልና። ስለዚህ ጦሳ ሥር ባለ ቤት በትክክል ሲሄድ የኖረ ሰዓት ኮምቦልቻ ወርዶ በየቀኑ ደቂቃ ገደማ ቢያጓድል ተበላሸ ብለው ወደ ጠጋኝ አይሩጡ፤ ጠቋሚዋን ጥቂት ወደማፍጠኛው ይግፉ። በተቃራኒው ደሴ በብርዱ ወራት ሌሊት የሚቆም ከሆነ ግን ያረጀ ዘይት ረግቶበታልና መታጠብ አለበት። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሲያጓጉዙት ቁልፉን ነቅለው ለብቻው ያስቀምጡ፣ ሰዓቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው እንደቆመ በጭንዎ ላይ ይያዙት፤ ከመኪናው ኋላ ከሻንጣ ጋር አይጫን። ከሰዓቱ ጋር የመጣ የቆዳ ማህደር ካለዎት ለዚሁ የተሠራ ነውና አይጣሉት።

ቁልፉ የጠፋ እንደሆነ በፒንሳ አይሙሉት፤ ፒንሳ የመሙያውን አራት ማዕዘን ይበላዋል፣ አንዴ የከበበ ማዕዘን ደግሞ ትክክለኛ ቁልፍ ቢመጣም አይዝም። የሁለቱንም ማዕዘኖች ስፋት፣ የመሙያውንና የቆጣሪ ማዞሪያውን፣ በካሊፐር እስከ አሥረኛ ሚሊሜትር ድረስ አስለክተው ይጻፉ፤ ባለ ሁለት አፍ ቁልፍ በዚያ ልክ ታዝዞ እስኪመጣ ድረስ ሰዓቱ እንደቆመ ይቆይ።